ከአመዱ መስመር ወዲያ

ነሐሴ 3 ቀን 2013፣ መርሳ

ከወልድያ በኩል የሚሰማው ዛሬስ ነጎድጓድ አይደለም። ለልጆቹ ግን ነጎድጓድ ነው አልኳቸው። ለይላ ወጥታ ሰማዩን አየችና «ማማ፣ ደመና የለም እኮ» አለችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእንግዲህ እሷን መሸንገል አበቃ። ሙስዐብ ግን ዘጠኝ ዓመት ሞልቶትም ድምፁ ሲመጣ ትራስ ውስጥ ይቀበራል።

ሚስባህ ከጂዳ ደውሎ ነበር። ሰላምታ እንኳን ሳይጨርስ «ልጆቹን አውጫቸው ሀስና። አባትሽን የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊና ልጆቼን አውጪ» አለኝ። እሺ አልኩት። ማንን ልፈልግ? አባዬ ግማሽ ጎናቸው ከተያዘ ወዲህ ከእኔ እጅ በቀር ውሃ እንኳን አይቀበሉም። እሳቸውን ላስታምም አይደል ልጆቼን ከተወለዱበት ከተማ አፍሼ ያመጣሁት። «ሁለት ወር ብቻ» ብያቸው ነበር። እኔ አገሬ ገባሁ፣ እነሱ ተሰደዱ። ሙስዐብ መርሳን «ያንቺ አገር» ነው የሚላት። ያንቺ አገር ዝንብ ይበዛል። ያንቺ አገር መብራት ይጠፋል። አያቱንም «አንተ» እያለ ሰው ፊት ያሸማቅቀኛል። አባዬ ግን «ተይው፣ አረቦቹ አንቱን አላስተማሩትም» ብለው ያልፉታል።

ነሐሴ 6

ኔትወርክ ጠፋ። መብራትም። ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ ዶሮ ታቅፎ ከወልድያ በእግሩ ይጎርፋል። ሚስባህ ማታ ልደውል ብሎኝ ነበር። ስልኩን እጄ ላይ ይዤው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ነሐሴ 9

ዶሮዎቻችንን ወሰዷቸው! አንድም አልተረፈችም። በወንዙ በኩል አጥሩ ወድቆ ነበር፤ በዚያ ነው የገቡት። የማን ሌባ እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ ቀኑ ራሱ የሌባ ቀን ሆኗል። ጠዋት አጥሩን በገመድ አሰርኩት። ጂዳ ካርጎ ቤት የሰው ዕቃ ሳስር ነው የኖርኩት፤ እኔ የቋጠርኩትን ካልቆረጡት አይፈቱትም። ግን አጥር ታስሮ ምን ሊሆን፣ ቤቱ ውስጥ ወንድ ቢባል አንድ የተኛ ሽማግሌና አንድ ትራስ የታቀፈ ልጅ።

ጎረቤቴ ብዙነሽ ይህን ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ስታይ ቆየችና «አንቺ ጠባቂ የለሽ፣ የኔ ውሻ ቤት ሊያጣ ነው። ለምን አትወስጂውም?» አለችኝ። ነገ ደጋ ወንድሟ ዘንድ ልትወጣ ነው፤ ወንድሟ ውሻ አያስጠጋም። «ኧረ ብዙነሽ፣ እኛ እስላሞች ነን» አልኳት። «ሌባው ሃይማኖት ጠየቀሽ?» አለችኝ። ይቺ ሴትዮ መልስ አታጣም።

ነሐሴ 10

አባዬን ጠየቅኋቸው። ቃሉ ከአፋቸው እየተንጠባጠበ ነው የሚወጣው፤ ግን ፍርዳቸው እንደ ድሯቸው ነው። «ለጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል። ግቢ ይደር። ቤት አይግባ።» አለቀ።

ውሻው መጣ። ቀይ ነው፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። ስሙ ይሁና ይባላል። ብዙነሽ በወሰን ተካሳ ተፈርዶባት የተመለሰች ዕለት ያወጣችለት ስም ነው። ያንን የረታትን ጎረቤቷን ለማብገን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «ይሁና! ኧረ ይሁና!» እያለች ትጣራ ነበር። እንግዲህ የሰው ቂም ነው የወረስኩት።

ልጆቹ! ሙስዐብ የአያቱ አልጋ ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። ለይላ ደግሞ መስገጃዋን ጠቅልላ ያዘችና «ውሻ ካለበት ቤት መላእክት አይገቡም። ወይ እሱ ወይ እኛ» አለችኝ። አያትሽ ፈቅደዋል፣ ግቢ ነው የሚያድረው ብላት «ባባስ ፈቅዷል?» አለች። ባባ የት ተገኝቶ ይፍቀድ! ጮህኩባት። ባልጮህ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 14

ይሁና ከባልዲው ውሃ ጠጣ። ለይላ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ አንዱ በአፈር አለች። ልክ ናት፤ አባዬም ልክ ናት አሉ። ውሃ ግን ከወንዝ በጀርባ ነው የሚመጣው! ያለችንን ሁለት ጀሪካን ባልዲ ላይ አንጠፈጠፈችው። ስትጨርስ ግንባሯን እየጠረገች «አሁን ጠራ» ብላ አባዬ ፊት አስቀመጠችው።

አባዬ «አፈሩን ከየት አመጣሽ?» አሏት።

«ከዚያ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር። ለስላሳ አፈር አለ።»

ውሻው ቀኑን ሙሉ የሚተኛበት ጉድጓድ ነው! እዚያ ነው ምራቁን ሲያዝረበርብ የሚውለው። ጂዳ ሴራሚክ ላይ ያደገች ልጅ አፈርን ከየት ታውቀው። አባዬ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ነው፤ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የሳቀው፣ ትከሻቸው ግን ተንቀጠቀጠ። እኔም መያዝ አቃተኝ። ለይላ እያለቀሰች ገባች። አጥፍቻለሁ፣ አብሬ መሳቅ አልነበረብኝም።

ነሐሴ 17

ገቡ። ከተማው በታጣቂዎቹ እጅ ነው። በር ዘግተን ዋልን። ዱቄት ለጥቂት ጊዜ ይበቃል። የአባዬ ኪኒን እያለቀ ነው።

ጳጉሜን 2

ለይላ ከምድጃ አመድ አውጥታ ግቢውን ለሁለት ከፈለችው። ከአመዱ ወዲያ የይሁና፣ ከአመዱ ወዲህ የእኛ። ውሻው መስመሩ ላይ አፍንጫውን አድርጎ ይተኛል። የሚገርም ነው፣ አንድ ጊዜ በእንጨት መሬቱን መታችለትና አላለፈም። ብዙነሽ አሠልጥናዋለች ማለት ነው፤ እኔ ልጆቼን እንዲህ ባሠለጠንኩ።

ሌባ ግን መጥቶ አያውቅም ከዚያ ወዲህ። በአጥሩ በኩል የሰው ኮቴ ከተሰማ ሰፈሩን ይቀሰቅሰዋል።

ድመት ሳትገባ አትቀርም፤ ከሌማቱ ቂጣ እየጎደለ ነው።

መስከረም 3 ቀን 2014

ዘመን ተለወጠ አሉ። ማን አየው።

አመዱን ንፋስ ገፍቶት ነው መሰለኝ መስመሩ ወደ ቤቱ ተጠግቷል። ሙስዐብን «አንተ ነህ?» ብለው «ንፋሱ ነው» አለኝ። ንፋስ እንዲህ ቀጥ አድርጎ ይገፋል? ከሰዓት መስመሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በአረብኛ ሲያወራ ሰማሁት። ስለ ጂዳው ባሕር ነበር የሚነግረው። እኔን ሲያይ ተነስቶ «ይሸታል» አለና ገባ።

መስከረም 8

ወንድሜ ዓሪፍ ከግራና መጣ። አቅፌው ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ አላስጨረሰኝም። «እታለም፣ ሰዎች ይዤ በተራራው ዞሬ ደሴ ልወጣ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አባታቸው ይወስዳቸዋል። ልጆቹን ስጪኝ።»

«እኔስ?»

«አባዬን በጀርባዬ ልሸከም? አንቺ እዚህ ሁኚ።»

ልጆቹ ሰምተዋል። ለይላ ዓይኗ በራ። እንዲህ ሲበራ ካየሁት ሰንብቻለሁ። ሙስዐብ «ጂዳ?» ብቻ አለ። አስቤ እነግርሃለሁ አልኩት ዓሪፍን። ምኑን ነው የማስበው? እዚህ አንድ ነገር ቢሆኑ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑ የላክኋቸው እኔ ነኝ።

መስከረም 10

ይሂዱ አልኩ።

ልብሳቸውን አጠብኩ። ሙስዐብ ውሻውስ አለኝ፣ ውሻው የኔ ጠባቂ ነው አልኩት። አባዬ ሁለቱንም አጠገባቸው አስቀምጠው በሚንቀሳቀሰው እጃቸው ዱዓ አደረጉላቸው። እኔ ኩሽና ገብቼ ድስት አጠብኩ። የታጠበ ድስት ነበር።

መስከረም 11፣ ማታ

ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ። ዓሪፍ ስለ ይሁና አስጠነቀቀኝ፤ ሰሞኑን ሙስዐብን በዓይኑ መከተል ጀምሯል። «ተከትሎን አንዴ ከጮኸ አለቅን። አጥብቀሽ እሰሪው» አለኝ። እኔው ልሰረው ሲል ይነክስሃል ብዬ ከለከልኩት። እኔ ራሴ የዛፉ ግንድ ላይ አሰርኩት።

እንቅልፍ የለም። ሁለቱ ተቃቅፈው ተኝተዋል፤ ጂዳ አንድ ክፍል አናድርም ብለው ይጣሉ ነበር። የሙስዐብ እግር ከብርድ ልብሱ ወጥቷል፣ እሸፍነዋለሁ፣ ያወጣዋል። ለሚስባህ ቃል ገብቻለሁ። እሺ ብዬዋለሁ። ልጅ ማለት ወልደሽ ለመንገድ የምትሰጪው ነው እንዴ? እንደገና ወጥቼ ገመዱን አየሁት። ደህና ነው። አላህ ያውቃል፣ ደህና ነው።

መስከረም 12

ተመለሱ!

መስከረም 13

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ይሁና በሩን ሲቧጥጥ ሰማሁ፤ ከኋላው ሙስዐብ፣ ከኋላው ለይላ፣ አቧራ ለብሰው። ዓሪፍ እስከ ሰፈሩ ጫፍ አድርሷቸው ፊቴን ሳያይ ሄደ። ተቆጥቷል፣ ይቆጣ።

የሆነው ይኼ ነው። ግራናን አልፈው ዳገቱን ሊጀምሩ ሲሉ ይሁና ደረሰባቸው። በድንጋይ ቢሉት፣ በዱላ ቢሉት አልመለስ አለ። ከተጓዦቹ አንዱ ወይ ይገደል ወይ እነዚህ ልጆች ይቅሩ አለ። ካራም ወጣ። ያኔ ሙስዐብ፣ የኔ ትራስ አቃፊ፣ ውሻው አንገት ላይ ተጠመጠመና «እኔን!» ብሎ ጮኸ። በአረብኛ ነው የጮኸው፣ ለይላ ናት የነገረችኝ። ለይላን ዓሪፍ አንቺ ነይ ቢላት «ወንድሜን ትቼ?» ብላ ቦርሳዋን አወረደች።

ገመዱን በጥርሱ በጥሶት ነው አልኳቸው። ለይላ ከውሻው አንገት ላይ ፈታችው፣ ያልተበጠሰውን ጫፉን በጣቷ ዳበሰችው፣ ጠቅልላ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ገብታ ሰገደች።

መስከረም 20

ደሴ ቢደርሱ ኖሮ ይኼኔ ከሚስባህ ጋር አውርተው ነበር። እህል ሲጎድል ይኼው ሐሳብ ነው የሚመጣብኝ። ሙስዐብ ሲያስነጥስ እሱ ነው የሚመጣብኝ። ዛሬ ሙስዐብን አልከፋህም ወይ ብዬው «አንቺን ነው የከፋሽ የሚመስለው» አለኝ። ምነው ይኼ ልጅ።

የአመዱ መስመር ደጃፉ ጋ ደርሷል። ለይላ አይታዋለች። መልሳ አልሳለችውም።

ጥቅምት 9

ንፍሮ። ትናንትም ንፍሮ። የአባዬ ኪኒን አልቋል፣ ነጭ ሽንኩርት እየሰጠኋቸው ነው። ሙስዐብ ንፍሮውን ግማሹን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይወጣል። አያለሁ ብሎ አያስብም። ድመቷን በከንቱ ሰድቤያታለሁ።

ጥቅምት 24

ደሴም ተያዘች አሉ። ከደሴ የሸሸው ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ እየሸሸ ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ልጆቼ እዚያ የሉም! ወዲያው ደግሞ ዓሪፍ ትዝ አለኝና ምላሴን ነከስኩ። ወንድሜ እዚያ ነው እኮ ያለው። ሰው ሲጨነቅ እንዲህ ይከፋል? አባዬ ከአልጋቸው ሆነው «የሰማሽው ደስ የሚል ነው?» አሉኝ። «ምንም አይደለም አባዬ» አልኩ። አዩኝና «አላህ ልብሽን ያሳርፍልሽ» አሉኝ።

ኅዳር 9

ዛሬ ሁለት ታጣቂዎች ገቡ፣ እህል ካለ ብለው። ልጆች ናቸው፣ ከለይላ ብዙም አይበልጡም፣ ግን ጠመንጃ ይዘዋል። ይሁና ጥርሱን አሳይቶ ተነሳባቸው። ዝናብ መቶት ጠጉሩ ረጥቧል። አንደኛው መሣሪያውን አቀባበለና አነጣጠረ። እኔ ከአባዬ አልጋ አጠገብ ነበርኩ። ሙስዐብ ሊሮጥ ሲል በሸሚዙ ያዝኩት።

ለይላ ወጣች። አመዱን ረግጣ አለፈች። እርጥቡን አንገት በሁለት እጇ ያዘችና ጉልበቷን ጀርባው ላይ አድርጋ አስተኛችው። ልጁን ቀና ብላ አይታ «ተኝቷል፣ ተወው። ማሽላው ኩሽና ነው፣ ውሰድ» አለችው። ለታላቅ ወንድም የምትናገር ነው የምትመስለው። ልጁ ቆመ፣ ከዚያ አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገ። ግማሹን ማሽላ ወስደው ሄዱ።

ሲሄዱ እዚያው ቁጭ አለች። ውሃ አመጣሁላት፣ አፈርም ጨምሬ፣ ከውጭ አጥር ሥር ያለውን ንጹሑን አፈር። እጇን ስትታጠብ እኔ ነኝ ያፈሰስኩላት። አልጨቀጨቀችም፣ አልቸኮለችም። ጨርሳ «ማማ፣ ነገም ይነካኛል እኮ» አለችኝ። «ነገም እናጥባለን» አልኳት። በሳቅ ሞትን፣ ወላሂ፣ ከፍርሃት ነው መሰለኝ።

ኅዳር 22

ሚስባህ ሞተዋል ብሎ ይሆናል። በሌለንበት የሙት ሶላት፣ ሰላተል ጋኢብ፣ አሰግዶብን ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር አልጽፍም ብዬ ነበር።

ታኅሣሥ 8

መኪና ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰሜን። ሁላችንም የአባዬ ክፍል ወለል ላይ። ከባዱ ድምፅ ሲመጣ ሙስዐብ ትራሱን ለአያቱ ጆሮ ሰጠ። ይሁና በሩ ሥር ያቃስታል። አባዬ «ደጁ ገርበብ ብሎ ይከፈትለት፣ ደፉ ላይ ይተኛ» አሉ። ቤት አይግባ ያሉት እሳቸው ናቸው! «ደፍ ቤት አይደለም» አሉኝ። እሺ አባዬ።

ታኅሣሥ 10

ወጡ። ሄዱ። ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ እርስ በርሱ ይሳሳማል። ያላለቀስኩበት ትከሻ የለም። የማላውቃት ሴትዮ እጄን ይዛ «አለን አይደል? አለን አይደል?» ትላለች። አለን እናቴ፣ አለን።

ታኅሣሥ 26

ብዙነሽ ከደጋ ወረደች። ከስታለች፤ ምላሷ ግን አልከሳም። ይሁና ሲያያት አጥሩን ዘሎ ሄደ። ሙስዐብ ከንፈሩ ነጣ። ውሻው እሷን ዞረ፣ ላሳት፣ ጮኸባት፣ ከዚያ ተመልሶ ደፋችን ላይ ተኛ። ብዙነሽ ወገቧን ይዛ «አየኸው ይኼን ከሃዲ! በሉ ያዙት፣ እኔ ሌላ ቂም አሳድጋለሁ» አለች። ሙስዐብ «እግዜር ይስጥዎት» አላት። በአንቱ! ማን እንዳስተማረው እንጃ። እኔ አልነበርኩም።

ጥር 4

ኔትወርክ መጣ።

ስልኩ ሲጮህ ሁላችንም ደነገጥን፤ ድምፁን ረስተነዋል። ሚስባህ ነው፤ «ሀሎ» አልኩት። እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሐላችን አስቀመጥኩት፣ ሁሉም በአንዴ ያወራል፣ አባዬም ከአልጋቸው «ሰላም ነን ልጄ» ይላሉ።

ሲረጋጋ የምፈራው ጥያቄ መጣ። ዓሪፍ ከደሴም ሸሽቶ አዲስ አበባ በደኅና ገብቷል፤ ደውሎለታል። «ልጆቹን ወስጃቸው ነበር አለኝ። ውሻ ተከትሎ ነው የመለሳቸው አለኝ። የምን ውሻ ነው ሀስና? እንዲታሰር ነግሬያት ነበር ይላል። ካርጎ ቤቱ ሁሉ ባንቺ ቋጠሮ ይምላል፤ አንድ ውሻ ማሰር አቃተሽ?»

አባዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሁን እነግረዋለሁ አልኩ፤ ወላሂ ልነግረው ነበር።

«ባባ፣ ማማ አስራው ነበር» አለች ለይላ። «እኔ ነኝ የፈታሁት።»

ውሸት የማትችለዋ ልጄ። ፊቷ ቀላ፣ ግን ድምጿ አልተዛነፈም።

«አንቺ? ለይላ? ውሻ ነክተሽ?»

«አዎ ባባ። ማማን ትተን መሄድ አልፈለግንም።»

ሙስዐብ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና «እኔም ረድቻታለሁ» አለ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው!

ሚስባህ ሳቀ። «አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ላይ ናችሁ» አለ። «በሉ እስቲ ያ ውሻ ይጩህልኝ፣ ልስማው።» ሙስዐብ ስልኩን ነጥቆ «ውሻችን ነው ባባ፣ ውሻችን!» እያለ ወደ ደጅ በረረ።

እኔና ለይላ ወለሉ ላይ ቀረን። በነጠላዬ ሥር እጄን ፈልጋ ያዘች፣ ጭምቅ አደረገችው፣ ሙስዐብ ተመልሶ እስኪመጣም አልለቀቀችኝም።